የውሻው መልስ

የአሸዋ ሜዳን የጠዋት ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ታክሲ ብቅ ሲል ሰልፉ ሰልፍነቱን ይረሳል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ በክርን መጋፋትን ተምሬ፣ ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ላይ፣ ዘንቢል ባቀፉ እናትና ስልኩ ላይ ባቀረቀረ ወጣት መካከል እንደ ሽብልቅ ገባሁ። ከቡራዩ እስከ ዊንጌት መንገዱ ተዘጋግቷል። ጋዜጣ ለመዘርጋት ቦታ የለም። የቀረው የጎረቤትን ስልክ ሰርቆ ማየት ነው። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እጅ እንኳ የሚቀመጥበት ባጣበት ታክሲ ውስጥ ዓይን የት ይቀመጥ?

ልጁ የሚያየው ኳስ አልነበረም። ሥዕል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል። እንደ ልጆች ፊልም በኮምፒዩተር የተወለወለ አይደለም። የብሩሹ ዱካ ይታያል። አንዱ ምስል ሳይጠፋ ሌላው ከላዩ ይበቅላል። ከተማ አለ፤ ሚኒባስ አለ፤ ሚኒባሱ ላይ እንስሳት ይሳፈራሉ።

“ምንድን ነው እሱ?” አልኩት፤ መስረቄን ትቼ በግልጽ።

“‘ሒሳብ’ ይባላል፣ ጋሼ። ያ የታክሲ ቀልድ የለም? የአህያዋና የውሻው? እሱን ነው በሥዕል የሠሩት። ጓደኛዬ ነው የላከልኝ” አለና ስልኩን ወደ እኔ ዘንበል አደረገልኝ።

በዚያው ቅጽበት ረዳቱ ከፊት ዞሮ “ከኋላ፣ ሒሳብ!” ብሎ ጮኸ። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዘንቢል ያቀፉት እናት እንኳ ምን እንዳሳቀን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

ቀልዱን የማያውቅ ካለ ልንገረው። አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፈሩ አሉ። ረዳቱ “ሒሳብ!” አለ። አህያዋ ቆጥራ ከፈለች። ውሻው ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን መጠበቅ ጀመረ። ፍየሏ “ወራጅ አለ!” ብላ፣ በሩ ሲከፈት ሳትከፍል ተፈተለከች። ውሻውንም መልሱን ሳይሰጡት አወረዱትና ታክሲው ነጎደ። ከዚያ ወዲህ አህያ መኪና ሲመጣባት መሃል መንገድ ላይ ተገትራ ትቀራለች፤ ዕዳ የለባትማ! ፍየል መኪና ስታይ ትሸሻለች። ውሻ ግን መኪና ባየ ቁጥር እየጮኸ ያባርራል። መልሱን ነው የሚለው፤ መልሱን!

ይህ ቀልድ በእኛ አገር ብቻ አይደለም የሚነገረው፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይታወቃል። የእኛን የወሰደው ሠዓሊ እዝራ ውቤ ነው። እዝራ እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ኑሮውን በኒውዮርክ ብሩክሊን ያደረገ ሰው ነው። “ሒሳብ”ን የሠራው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አሠራሩን ሳውቅ ነው ነገሩ ከቀልድ ያለፈብኝ። እዝራ ብዙ ሥዕል ስሎ አልደረደረም። አንድ ሸራ ይወጥራል። ይስላል፤ ፎቶ ያነሳዋል። ከዚያ በዚያው ሸራ ላይ ጥቂት ለውጦ ይስልበታል፤ እንደገና ያነሳዋል። እንዲህ እያለ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ሥዕሉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ታዲያ ሥራው ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ከሥሩ ተቀብረዋል። ነበሩ የሚላቸው ካሜራው ብቻ ነው።

ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በ1990ዎቹ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። በሰበታው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው። ኑሮው ሰበታ አክስቱ ዘንድ ስለነበረ በየቀኑ በታክሲ ይመላለስ ነበር። ለሥነ ቃል ትምህርት ሁሉም ተማሪ ተረት ሰብስቦ እንዲያመጣ አዘዝኩ። ሌሎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የአንበሳና የቀበሮ ተረት ይዘው መጡ። እሱ ግን ትንሽ ቴፕ ሪኮርደር በኪሱ ይዞ፣ ከሰበታ እስከ አየር ጤና በታክሲ ውስጥ የሚወራውን ቀልድ ሲሰበስብ ከርሞ፣ በጓደኛው እጅ አስጽፎ አቀረበ። በአማርኛ የሰማውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የሰማውን በኦሮምኛ። የአህያዋ፣ የፍየሏና የውሻው ነገር ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበረች።

እኔስ ምን አደረግሁ? ‘ሲ’ ሰጠሁትና በቀይ ብዕር “ይህ የታክሲ ወሬ እንጂ ተረት አይደለም” ብዬ ጻፍኩበት። ያንን ቀይ ጽሑፍ ለዓይነ ስውር ልጅ የሚያነብለት ሌላ ሰው መሆኑን እንኳ አላሰብኩም። ተረት ማለት ለእኔ ያረጀ ነገር ነበር። ከእሳት ዳር ካልመጣ፣ ሽበት ካልነገረው፣ አስፋልት ላይ የተወለደ ተረት ሊሆን አይችልም ብዬ አምን ነበር። ይኸው አሁን በ50ዎቹ ዕድሜዬ፣ በቡራዩ ታክሲ ውስጥ፣ ‘ሲ’ የሰጠሁት ተረት በጣት በሚነካ መስታወት ላይ ሥዕል ሆኖ አፈጠጠብኝ።

ለነገሩ እኛና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ስንተዋወቅም በጥርጣሬ ነው የጀመርነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት የዚያን ዘመን ሰው “የሰይጣን ቤት” ብሎ ሰይሞት ነበር። ጥላ በግድግዳ ላይ ሲሄድ፣ የሌለ ሰው ሲስቅ፣ ሌላ ምን ይባላል? ዛሬ ስሙን እያነሳን እንስቅበታለን። እኔ ግን ብዙም አልስቅም። የሰይጣን ቤት ያሉት ሰዎች ቢያንስ ያዩት ነገር ብርቱ መሆኑ ገብቷቸዋል። እኔ ቀልዷን “ወሬ” ስላት ብርታቷ አልገባኝም።

ስልኬን ይዤ የዚህን ነገር ዘር መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.ኤ.አ. በ1908 “ፋንታስማጎሪ” የምትባል፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ፊልም ሠርቷል። 700 ያህል ሥዕል ነው የፈጀባት። ነጭ መስመር በጥቁር ላይ ስለሆነች በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የተሳለች ትመስላለች። አንድ ቀጭን ሰው ይወጣል፤ ጠርሙስ አበባ ይሆናል፤ አበባው ዝሆን ይሆናል። ስንት ዓመት በጠመኔ ስጽፍ ኖሬ፣ ሰሌዳ እንዲህ ማድረግ እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም።

አፍሪካም ቆይታ አልገባችም። ኒጀራዊው ሙስጠፋ አላሳን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አኒሜሽን መሥራት ጀምሮ፣ በ1966 “ቦን ቮያዥ ሲም” የተባለውን ሠራ። ሲም የእንቁራሪቶች ፕሬዚዳንት ነው። ለጉብኝት ውጭ አገር ይሄዳል፤ ሲመለስ ከሥልጣኑ ተነስቷል። ጥቂት ደቂቃ ናት ሙሉዋ ነገር። አንድ ሰሚስተር ሙሉ ስለ ምፀት ያስተማርኩትን በእንቁራሪት ጨረሰው።

ደቡብ አፍሪካዊው ዊልያም ኬንትሪጅ ደግሞ የእዝራ የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። እሱ በከሰል ወረቀት ላይ ይስላል፤ ፎቶ ያነሳል፤ ያጠፋል፤ በዚያው ወረቀት ላይ እንደገና ይስላል። ከሰል ደግሞ ሲያጠፉት አይጠፋም፤ ጥላውን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ጆሃንስበርግ በሠራው ፊልም መሬቱ ሁሉ የትናንት ጥላ አለበት። በአፓርታይድ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን መሣሪያ መምረጡ አይገርምም። ያጠፉት ሁሉ እንደማይጠፋ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ከየት ይገኛል?

“ቪዲዮ አርት” የሚሉት ሌላው ዘርፍ ነው። ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1963 ጀርመን ውስጥ የቴሌቪዥኖችን ሆድ ነካክቶ ምስላቸውን አጣሞ ለኤግዚቢሽን አቀረባቸው። ቴሌቪዥን የሚያሳየንን ከማየት ይልቅ ቴሌቪዥኑን ራሱን እንይ ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሪክ የማይነግር፣ ወይም ታሪክን በአንድ ጊዜ በብዙ መስኮት የሚነግር ቪዲዮ በየኤግዚቢሽኑ ሞላ። ይኼንን ሰው ሲያይ “ምን ማለት ነው?” ይላል። እኔም ብያለሁ።

ግን እስቲ ወደ ፒያሳ እንሂድ። የጥንት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ግድግዳ ላይ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘ ሸራ ያላየ አለ? በትናንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ፣ ብዙውን ጊዜ 44 ሥዕል ያለው። ንግሥቲቱ ትነሳለች፤ ትጓዛለች፤ ከሰሎሞን ጋር ትገናኛለች፤ ቀዳማዊ ምኒልክ ይወለዳል፤ ጽላቱ ይመጣል። ሁሉም በአንድ ሸራ ላይ በአንድ ጊዜ ይታያል። ዓይን ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ሲዘል ፊልሙን የሚሠራው ተመልካቹ ራሱ ነው። ይህንን ነገር ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ አድርገን ረስተነው ነበር።

ያልረሳው ቴዎ እሸቱ ነው። ቴዎ እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ፣ በዳካር፣ በቤልግሬድና በሮም ያደገ የቪዲዮ ሠዓሊ ነው። ጣልያን በ1937 የወሰደችው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ሲተከል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)፣ ቴዎ ያንን በቪዲዮ ተከታትሎ በ2009 በ15 ስክሪን ላይ አቀረበው። ስክሪኖቹን የደረደራቸው እንደዚያ እንደ ንግሥተ ሳባ ሸራ፣ ሣጥን በሣጥን ነው። ለአውሮፓ ተመልካች እጅግ አዲስ የመሰለው ነገር ለእኛ ከአያቶቻችን ግድግዳ የወረደ ነው ማለት ነው።

አያት ካልኩ ዘንድ፣ የቴዎ አያት ማን እንደሆኑ ሳውቅ ከወንበሬ ተነሳሁ። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው! የእኔ ትውልድም ከእኔ በፊት የነበረውም የኢትዮጵያን ታሪክ የተማረባቸው መጻሕፍት ደራሲ። ቴዎ እ.ኤ.አ. በ1997 በሠራው ፊልም ኢትዮጵያን የሚፈልጋት በእኒሁ አያቱ በኩል ነው። አያት ታሪክን በምዕራፍ ጻፉ፤ የልጅ ልጅ በስክሪን ደረደረው።

ሳሌም መኩሪያም አለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ ኢትዮጵያን የሚመለከት ሥራዋን በሦስት ስክሪን ጎን ለጎን አቅርባለች። ሦስት ገጽ ያለው፣ ሲከፈት ሦስት ሥዕል የሚያሳየውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው “ምን ማለት ነው?” ብሎ አይደናገርም። አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ፤ ዓይን ይመላለስ። ያውቀዋል።

እንግዲህ ችግሩ ባዕድነቱ አይደለም። ችግሩ እነዚህ ሥራዎች የሚታዩት ቬኒስና በርሊን መሆኑ፣ የሚመለከቷቸው ግን ሰበታና ሱሉልታ መሆናቸው ነው። በ1990ዎቹ በነዚህ ከተሞች ተንቀሳቃሽ ምስል ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ በመጋረጃ የተዘጋ መስኮት፣ የሕንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም፣ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ጎረምሳ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ደግሞ አባባ ተስፋዬን ያያል። ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩን ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም ነበር፤ የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ናቸው፤ በድምፃቸው።

ከሳቸው በኋላ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን ይዛ ብቅ አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት። እንደ ቀላል የተጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን የትምህርት ፕሮግራሞች ውድድር ተሸለመ። ያኔ ፀሐይን እያዩ ያደጉት ልጆች ናቸው ዛሬ በታክሲ ውስጥ ስልክ ዘንበል የሚያደርጉልን። እዝራ ውቤም እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን መሥርቶ፣ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ከጋለሪ ወጥተው በአዲስ አበባ አደባባይ እንዲታዩ አድርጓል። የቀረውን ኢንተርኔት እየሞላው ነው። ዳታው ውድ ቢሆንም፣ ግንኙነቱ በየሰበቡ ቢቋረጥም፣ አንዱ የሚያወርደውን ለአሥር ይልከዋል። ያ ቪዲዮ ቤት ጠቦ ጠቦ ኪስ ገባ በሉት።

አሁን ቀደም ብዬ ልብ በሉልኝ ወዳልኳችሁ ሸራ ልመለስ።

እነዚህን ሦስት ከተሞች እኔ የማውቃቸው ከተማ ሳይሆኑ ነው። ሱሉልታ ማለት ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋ ሣር ነበር። መስከረም ላይ ቢጫ፣ ኅዳር ላይ ክምር። የአዲስ አበባ ላም የሱሉልታን ድርቆሽ ትበላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ የሱሉልታን ወተት ይጠጣል። ቡራዩ ማለት ገፈርሳ ነበር፤ ለዋና ከተማው ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በአጠገቡ ሲያልፉ ብርዱ የሚነካ። ሰበታ የሜታ ቢራ፣ የመነኮሳይያቱ ገዳምና የዓይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት አገር ነበረች። ከዚያ ሥዕሉ ይለወጥ ጀመር። በጤፍ ማሳ ላይ የአበባ እርሻ ተሳለበት። በአበባ እርሻው ጎን ፋብሪካ። በፋብሪካው ጎን የሪል ስቴት አጥር። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የባቡር መስመር ተመረቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከሌሎቹ የዙሪያ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በአንድ ሸራ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ።

ልማት አልጠላም። ልጆቼ ያደጉትም እንዲህ ባለ፣ ትናንት ማሳ በነበረ ሰፈር ነው፤ እኔ ራሴ ከብሩሾቹ አንዱ ነኝ። ግን እዝራ በእያንዳንዱ ለውጥ መሃል ቆም ብሎ ፎቶ ያነሳል። እኛስ? ማን አነሳ? መሬቱ የማን ነበር፣ ገበሬው ካሣ ብሎ የተቀበለው ስንት ወር አበላው፣ ዛሬ የት ነው? ሱሉልታ ውስጥ አባቱ በሚያርሱበት ቦታ ላይ በተሠራ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው አውቃለሁ። “ሰላም ዋሉ?” ስለው ቆሞ በአክብሮት ይመልስልኛል። ከኋላው ያለውን ግቢ ግን ዞሮ አያየውም።

የአዲስ አበባና የዙሪያው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የተነሳው ተቃውሞ፣ የጠፋው ሕይወት፣ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ እስከተባለ ድረስ የሆነው ሁሉ የቅርብ ትዝታ ነው። ያኔ ብዙ የከተማ ሰው “ምን ነካቸው? መንገድና ፋብሪካ መጣላቸው እኮ!” ሲል ሰምቻለሁ። መኪና ባየ ቁጥር የሚጮኸውን ውሻ “ምን ነካው?” እንደምንለው። ውሻው እኮ አላበደም። ድፍን ብር ሰጥቶ ነበር። የሚጠይቀው መልሱን ነው።

አማርኛችን ደግሞ ደግ ቋንቋ ነው፤ የገንዘብ ትራፊም መልስ፣ የጥያቄ ምላሽም መልስ። ውሻው የቱን እንደሚፈልግ ታክሲው ቆሞ ካልጠየቀው አይታወቅም።

ይህንን ሁሉ ሳሰላስል ከርሜ ያንን ተማሪዬን አፈላልጌ አገኘሁት። ሰበታ ነው ያለው፤ አስተማሪ ሆኗል፤ ሦስት ልጆች ወልዷል። ድምፄን በስልክ ሲሰማ ስሜን ሳልነግረው “መምህር!” አለኝ። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል እኮ! በአንድ ቅዳሜ ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

ቡና ቀርቦልን ተቀመጥን። “ሒሳብ” የተባለውን ሥራ ነገርኩት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩና፣ አላፊ አግዳሚው ሥዕል ሁሉ እያለፈ የማየውን አንድ በአንድ እነግረው ጀመር። አሁን ሚኒባሱ መጣ። አሁን ቀለሙ ተለወጠ። አሁን መንገዱ ቤት ሆነ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔ አስተማሪው ረዳት ሆኜ ፌርማታ የምጠራ መሰለኝ። ከአፍ ወጥቶ ሥዕል የሆነው ተረት፣ ይኸው ተመልሶ አፍ ገባ።

ስጨርስ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀዩን ብዕር አስታወስኩት።

“አስታውሳለሁ፣ መምህር” አለኝ እየሳቀ። “ጓደኛዬ ሊያነብልኝ አፍሮ ‘ጥሩ ነው ይላል’ ብሎኝ ነበር። ‘ሲ’ መሆኑን ስሰማ ነው እውነቱን ያወጣሁት።”

“ጽሑፉስ አለ?”

“ጽሑፉ የለም። ካሴቶቹንም ልጆቹ ዘፈን ቀረጹባቸው።” ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ቆመ። ካሴትም እንደ ሸራው ነው ለካ፤ ባንዱ ላይ ሌላው ይቀረጽበታል። እሱ ግን ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ አደረገ። “ተረቶቹ ግን እዚህ አሉ። ታክሲውም እንዳለ ነው። በየቀኑ አዲስ ይመጣል።”

“እስቲ አንድ አዲስ ንገረኝ።”

ፍንጃሉን አስቀመጠ። “አራተኛ ተሳፋሪ እንደነበረች ሰምተዋል? ላም ናት። ሒሳቧን ከፍላ፣ መልሷን ተቀብላ፣ በመስኮት እያየች ትሄዳለች። ‘የት ወራጅ ነሽ?’ አላት ረዳቱ። ‘ሱሉልታ፣ ሣሩ ጋ’ አለች። ታክሲው ይሄዳል፤ ቤት ነው። ይሄዳል፤ አጥር ነው። ‘ሣሩ ጋ ወራጅ አለ!’ አለች። ረዳቱ ‘እናት፣ ሣሩ እኮ ድሮ አለፈ’ አላት። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደችም ይባላል።”

ባለቤቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔ ከኪሴ ብዕር አወጣሁ፤ ሰማያዊ ነው። ቀኑን ጻፍኩ፤ ሰበታ ብዬ ጻፍኩ፤ ስሙን ጻፍኩ። ከዚያ “እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ፤ ቀስ እያልክ” አልኩት።